እንቁጣጣሽን ሰኞ ያከበርንበት ባር

ሮም ውስጥ ቡናን ባንኮ ላይ፣ ባንኮኒው ጋ ቆሞ መጠጣት የአገሩ ልማድ ነው። ጣሊያኑ ጠዋት ሲቸኩል ቆሞ ጭልጥ ያደርጋትና ይሄዳል፤ ሲያሻው ደግሞ ተቀምጦ ጋዜጣውን ያነባል። እኔም ስንት ዓመት ቆሜ ጠጥቻለሁ። የእኔ ግን ቸኩዬ አልነበረም፤ አንድ ጊዜ ተቀምጬ ስላስነሱኝ ነው።

ጣሊያን በገባሁ በሁለተኛው ዓመት ነው። የእነሱ የገና ሰሞን፣ ሐሙስ ከሰዓት፣ ከአንዲት የአገሬ ልጅ ጋር ቼንትሮ፣ መሃል ከተማ ወጣን። ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ የቤት ሠራተኛ ሁሉ የሚወጣበት ቀን ነው። መንገዱ ከዳር እስከ ዳር መብራት በመብራት ሆኗል፤ ሰዉ እየሳቀ ይጋፋል፤ እኛም ሰው ነንና ደስ ብሎናል። አንድ ባር ደጃፍ ላይ ባዶ ጠረጴዛ አየንና ቁጭ አልን። አስተናጋጁ መጥቶ ጠረጴዛው ለደንበኛ ነው አለን። እኛስ ምንድን ነን ብዬ ጠየቅኩት። በእጁ ወደ ውስጥ፣ ወደ ባንኮው አሳየን። ጓደኛዬ ቦርሳዋን አንስታ ተነሳች፤ እኔም ተከተልኳት። ሰውዬውስ ያለውን ይበል፣ እኔን ግን ምን አስነሳኝ? እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ከዚያ በኋላ በዓል በመጣ ቁጥር የምንሰበሰበው አንድ የካቶሊክ ደብር በፈቀደልን ምድር ቤት ውስጥ ነበር። ደጎች ናቸው፣ እግዜር ይስጣቸው፣ አልክድም። ግን መስኮት የለውም። የፕላስቲክ ወንበር ደርድረን፣ ዳቧችንን ቆርሰን፣ የደብሩ ልጆች ትምህርት ሳይጀመር ደግሞ ጠርገን መውጣት አለብን። ከላይ ከተማው በሙዚቃና በሰው ሲናወጥ እኛ በዓላችንን ከመሬት በታች እናከብራለን። አንድ ዓመት ላይ ግን በቃኝ። ዘንድሮ እንቁጣጣሽን ቼንትሮ ነው የምናከብረው፤ ወንበር ላይ ተቀምጠን፣ አስተናጋጅ እየታዘዘን፣ ሰው ሁሉ እያየን ብዬ አወጅኩ። ሴቶቹ ሳቁብኝ። ከሁላችንም በዕድሜ የሚበልጡት፣ ሮም የገቡት ገና በንጉሡ ዘመን ነው የሚባልላቸው ትልቋ እትዬ፣ ምድር ቤቱ ምን አለው ልጄ አሉኝ። እኔ ደግሞ አንዴ ካልኩ አልኩ ነው።

ባሩን ቀድሞውኑ መርጬ ነበር። በዚያን ጊዜ ተቀጥሬ የምጠብቃቸው ሲኞራ ቤት እዚያው ቼንትሮ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ከሥሩ፣ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ አንድ የስፖርት ባር አለ። ግድግዳው በኳስ ቡድን ሻርፕ የተሸፈነ፣ በየማዕዘኑ ቴሌቪዥን የተሰቀለበት፣ እሑድ እሑድ ወንዶቹ ሲጮኹ የእኛ ብርጭቆ ቁም ሳጥን ውስጥ የሚንጫረርበት ነው። ሲኞራ ሰማንያ አልፏቸዋል። ከሦስት ዓመት በፊት ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈስሷቸው ግራ ጎናቸው አልታዘዝ ብሏል፤ አእምሯቸው ግን እንደ ምላጭ ነው፣ ኳስም ነፍሳቸው ነው። ጨዋታ ሲኖር መስኮቱን እከፍትላቸዋለሁ። ጎሉን ከሬዲዮው በፊት ከባሩ ጩኸት ያውቁታል። በዚህ የተነሳ ከባሩ ባለቤት ጋር በመስኮት ሰላምታ ነበረን።

ዓይኔን በጨው አጥቤ ገባሁና የጀርባውን ክፍል ለአዲስ ዓመታችን እንዲሰጠን ጠየቅኩት። ምግቡን እኛ እናመጣለን፣ መጠጡን ከአንተ እንገዛለን አልኩት። መቼ ነው ሲለኝ ሴቴምብሬ አሥራ አንድ አልኩ፣ ምንም ሳላስብ፣ ስሜን እንደምናገር። ደግሞ እሑድ! ስንት ዓመት ሙሉ እንቁጣጣሽ የሥራ ቀን እየዋለ ሲያቃጥለን ኖሮ ዘንድሮ እግዜር ራሱ የዕረፍት ቀናችን ላይ ጣለልን ብዬ ለሁሉም ደወልኩ።

በዓሉ ሦስት ቀን ሲቀረው ዶሮውን እንዲሠሩልን ለትልቋ እትዬ ደወልኩላቸው።

“ልጄ” አሉኝ፣ “እሑድ እኮ ጳጉሜ ስድስት ነው።”

ክው አልኩ። ለካ ዓመቱ ዘመነ ሉቃስ ነው። በአራት ዓመት አንዴ ጳጉሜ ስድስት ትሆናለች፣ እንቁጣጣሽም በፈረንጁ አሥራ ሁለት ይውላል። ይህንን አገር ቤት ያለ ሕፃን ያውቀዋል። እኔ ግን ጣሊያኖቹ አዲስ ዓመታችሁ መቼ ነው ባሉኝ ቁጥር አሥራ አንድ፣ አሥራ አንድ ስል ኖሬ ራሴን አሞኘሁ። ከቤተ ክርስቲያን ያመጣሁት የቀን መቁጠሪያ ቁም ሳጥኔ ውስጥ፣ ከካፖርቱ ጀርባ ተሰቅሎልኛል። ማን ይየው? እትዬ ደግሞ ጳጉሜን ይጾማሉ፤ እሑድ ዶሮ ይቅርና ወተት አይነኩም።

ወሬው የእኛ ሰው በሚኖርባቸው ሰፈሮች፣ ከቶር ፒኛታራ እስከ ፒኜቶ ባንድ ምሽት ተዳረሰ። የሷስ ለየት ያለ ነው፣ ፈረንጅ ፊት እናክብር ብላ በዓሉን ጣለችው እያሉ ሳቁብኝ። አንጀቴ አረረ። አንዳንዶቹ ደግሞ አሎራ፣ በቃ እሑድ እናክብረው፣ እግዜር ልባችንን ያያል አሉ። አሻፈረኝ አልኩ። በሰው አገር በሰው ሰዓት ተነስቼ፣ በሰው ሰዓት በልቼ፣ ሐሙስ ሲሉኝ ሐሙስ ወጥቼ፣ እሑድ ሲሉኝ እሑድ ወጥቼ ኖሬያለሁ። ዓመቴ የሚገባበትን ቀን ግን ለማንም ብዬ አላዛውርም።

ባለባሩ ስነግረው ከት ብሎ ሳቀ። እሑድማ ትልቅ ጨዋታ ስላለ ጥግ ላይ ሊያጣብበን አስቦ ነበር። ሰኞ ኳስ የለም፣ ባሩም ጭር ይላል፤ የፊተኛውን አዳራሽ እንዳለ ውሰዱት አለኝ። ለእሱ ቀላል ነው። ለእኛ ግን ሰኞ ሰኞ ነው። ሁላችንም አንዳንድ ሽማግሌ ወይ አንዳንድ አሮጊት ላይ ታስረን ነው የምንውለው።

የሲኞራ ልጅ የምትመጣው እሑድ ምሳ ሰዓት ነው። በሌላው ቀን ቤቱን የምታስተዳድረው በስልክ ነው፤ በየምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ትደውላለች። ሰኞ ማታ ለሦስት ሰዓት ያህል ብቻ እናቷ ጋ እንድትቀመጥልኝ ለመንኳት። ሰኞ? አለች። እሑድ ዕረፍትሽ አይደለም ወይ፣ የእናንተ በዓል ኮንትራቱ ላይ የለም አለች። ከዚያ ድምፅዋን ለስለስ አድርጋ ኮንትራቱ በዚህ ወር መጨረሻ እንደሚያልቅ፣ ፊርማዬን እንደምትፈልጊ አትርሺ ብላ ጨመረችበት።

ይህች ናት እንግዲህ ነገሯ። ኮንትራት ከሌለ ፔርሜሶዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ አይታደስም፤ ፔርሜሶ ከሌለኝ የለፋሁበት ሁሉ ገደል ገባ፤ በሰላም የምወጣበት መንገድ የለኝ፣ አገሬ ደርሼ የምመለስበት በር የለኝ። እሷም ይህን አሳምራ ታውቃለች። ቫ ቤኔ፣ እሺ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ከፍርሃቱ ግን ንዴቱ ይበልጥ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሲኞራን ሳለባብስ ጉዳዩን ሁሉ፣ የልጃቸውን ቃል ጭምር፣ አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። ከዚያ አብረውኝ ይመጡ እንደሆን ጠየቅኳቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ማታ ከቤት ወጥተው አያውቁም። ወይን ይኖራል ወይ አሉ። ይኖራል አልኳቸው። ሰማያዊ ቀሚሳቸውንና የጆሮ ጌጣቸውን እንዳወጣላቸው አዘዙኝ። ወዲያው ስልኬን አንስቼ ለሴቶቹ ሁሉ ደወልኩ። ሽማግሌዎቻችሁን ትታችሁ መውጣት ካልቻላችሁ ይዛችኋቸው ኑ አልኩ።

ሰኞ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የአገር ልብሴን ለብሼ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ሲኞራን በተሽከርካሪ ወንበራቸው እየገፋሁ በመንገዱ መሃል ወረድኩ። ቱሪስቶቹ ፎቶ አነሱን። ሲኞራ እንደ ንግሥት ጎንበስ እያሉ ሰላምታ ሰጡ። ትልቋ እትዬ ከዘራ የሚይዙ አንድ ጡረተኛ ጠበቃ ይዘው ደረሱ። ልጆቻቸውን ያሳደጉላቸው እትዬ ናቸው፤ አሁን ደግሞ አባትየውን ይጠብቃሉ። ሌሎች ሁለት ሴቶችም የየራሳቸውን አሮጊት ይዘው መጡ። ቀን ሠርተው የጨረሱት ደግሞ ከየትራሙ እየወረዱ፣ ድስቱን በጋቢ ጠቅልለው፣ ድፎውን ታቅፈው ተከተሉ። ባለባሩ አዳራሹ መሃል ጠረጴዛዎቹን ገጣጥሞ ረጅም አድርጎልናል። ቴሌቪዥኖቹ ድምፃቸው ጠፍቶ የትናንቱን ጨዋታ ይደግማሉ።

እትዬ ዳቦውን ባርከው እንኳን ከዘመነ ሉቃስ ወደ ዘመነ ዮሐንስ በሰላም አሸጋገረን አሉ። እልልታችን ሲቀልጥ መንገደኛው ቆሞ በመስታወቱ ያየን ጀመር። ሻርፕ ያጠለቁ ጎረምሶች ቢራ ሊጠጡ ገብተው ሠርግ ነው ወይ አሉን። አዲስ ዓመት ነው አልኳቸው። በሴቴምብሬ? አሉና ተሳሳቁ፤ ቢሆንም ብርጭቋቸውን አነሱልን። ጠበቃው ዶሮውን ቀምሰው እንባቸው እየወረደ ጨምሩልኝ አሉ። ሲኞራ በደህናው እጃቸው ዳቦ እያጠቀሱ፣ ትናንት የተሳተውን ፍጹም ቅጣት ምት ለባለባሩ ይተነትኑለታል። እኔ መሃል ላይ፣ ጀርባዬን ለግድግዳው ሰጥቼ፣ ዓይኔን በሩ ላይ አድርጌ ተቀምጫለሁ። ደስ ብሎኛል፤ ኧረ በጣም ደስ ብሎኛል።

አንድ ሰዓት ሲሆን ስልኬ ጮኸ። የሲኞራ ልጅ ናት፤ የቤቱ ስልክ ሳይነሳላት ቀርቶ ነው። ገላቸውን እያጠብኳቸው ነው ብል ማን ያውቅብኛል? ባለባሩ የከፈተልንን ሙዚቃ ይቀንስልኝ ዘንድ እጄን አነሳሁ፤ ከዚያ ሐሳቤን ቀየርኩና አወረድኩት። ሥር ያለው ባር ውስጥ ነን፣ እናትዎም አብረውኝ ናቸው አልኳት። ስልኩ ጆሮዬ ላይ ተዘጋ።

ግማሽ ሰዓት አልሞላም። የሞተር ሳይክል ቆቧን በክንዷ አንጠልጥላ ገባች። ባለባሩ ሙዚቃውን አጠፋ። እናቷን አየቻቸው፣ ጠረጴዛውን አየችው፣ መጨረሻ ላይ እኔን አየችኝ። አልጮኸችም። እናቴን አሁኑኑ ወደ ቤት ውሰጃት አለች።

እትዬ ጉልበቴን ጨበጥ አደረጉኝ። “ተነሺ ልጄ” አሉ በሹክሹክታ፣ “ፔርሜሶሽን አስቢ።”

አሰብኩት። ውሸት ምን ይሠራል፣ ጉልበቴ ሊነሳ ዳድቶት ነበር። ግን እጄን በጠረጴዛው ላይ አኖርኩና፣ “ዛሬ ዓመታችን የገባበት ቀን ነው” አልኳት። “ራቴን ስጨርስ እወስዳቸዋለሁ። ከቸኮሉ እርስዎ ይውሰዷቸው።”

ፊቷ ቀላ። ቆቧን ጠረጴዛው ላይ ጣለችና የወንበሩን እጀታ ይዛ ገፋች። ወንበሩ ንቅንቅ አላለም። እንደገና ገፋች፤ የሲኞራ ወይን ተፈናጠረ። ጎንበስ ብላ ከጎኑ ፈለገች፣ ከኋላው ፈለገች። ሦስት ዓመት ሙሉ እናቷ የተቀመጡበት ወንበር ፍሬኑ የት እንዳለ አታውቅም። ሲኞራ ዳቧቸውን ማላመጥ ቀጠሉ። አዳራሹ ሙሉ ያያታል።

ወደ እኔ ቀና አለች። “የት ነው?” አለች።

አሳዘነችኝ፤ አዎ፣ እውነቱን ነው፣ አሳዘነችኝ። ከወንበሬ ሳልነሳ ነገርኳት። ፍሬኑ በሁለቱም መንኮራኩር ላይ እንዳለ፣ ወደ ኋላ ሲጎተት እንደሚለቅ። ከመንገዱ ጠርዝ ላይ ሲወርዱ ዞረው ወደ ኋላ ካልወረዱ እናትዎ በግንባራቸው ይደፋሉ አልኳት። ድንጋይ በተነጠፈው በኩል አይሂዱ፣ ወገባቸውን ይቆርጣቸዋል። አልጋ ላይ ሲያወጧቸው ግራ እጃቸውን አይጎትቱ። ከእንቅልፍ በፊት ውሃ በማንኪያ ነው፣ በብርጭቆ ትን ይላቸዋል። የተናገርኩት በቁጣ አልነበረም፤ ሥራዬን ለሚረከበኝ ሰው እንደማስረክብ አንድ በአንድ ነበር።

እጆቿ እጀታው ላይ እንዳሉ ቀሩ። እናቷን ከላይ ቁልቁል አየቻቸው። ከዚያ ቀስ ብላ ለቀቀችውና ቆቧን አነሳች።

“ሦስት ሰዓት ላይ ቤት ተገኙ” አለችኝ።

ኮንትራቱን በኋላ ፈርማልኛለች። በዚያች ደቂቃ ግን ትፈርም እንደሆነ የሚነግረኝ አልነበረም። የተረፈ ዶሮዬን ወደ ራሴ ሳብ አደረግኩና፣

“ሦስት ተኩል” አልኳት።