ስለዚያ ሳሙና ለጋሽ አዳነ ያልነገርኋቸው

ዛሬ ጠዋት ከደባርቅ ተደውሎ «ጋሽ አዳነ አረፉ» ሲሉኝ «የትኛው አዳነ?» አልሁ። እያወቅሁ። ሌላ አዳነ ቢሆንልኝ ብዬ።

ባለፈው መስከረም እንኳ በስልክ ሲያሾፉብኝ ነበር። «አንቺም ጡረታ ወጣሽ? እንግዲህ ማንን ልትቆጪ ነው?» እንዲህ ሲል የነበረ ሰው ይሞታል? ደከመኝ እኮ። የምቀብረው ሰው በዛብኝ፤ እንባውም አለቀ።

ለማታውቋቸው፦ ጋሽ አዳነ በደርግ ጊዜ ደባርቅ ውስጥ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነበሩ። መብራት የለም። ማይክሮስኮፑ የሚሠራው በመስተዋት በሚገባ የፀሐይ ብርሃን ነው። ክረምት ጉሙ ሲወርድ በር ላይ ቆመው ሰማዩን ይቆጡት ነበር። እኔ ደግሞ እዚያው መምህርት ነበርሁ፤ ገና ጀማሪ።

አንድ ቀን ከዳባት ፊቷ ያበጠ ሙሽራ አመጡላቸው። ቡዳ ነው ተብሎ ጸበል ለጸበል ስትንከራተት የከረመች ናት። ሽንቷን በቀጭን ብልቃጥ አድርገው እሳት ላይ ቢያሞቁት እንደ እንቁላል ነጭ ረጋ። ኩላሊቷ ተነክቷል።

«ፊትሽን በምን ትታጠቢዋለሽ?» አሏት።

ከመቀነቷ ሥር ሳሙና አወጣች። ያን በሱዳን በኩል በኮንትሮባንድ የሚገባውን፣ ፊት ያቀላል የሚባለውን። አስጣሏት። ቀስ በቀስ እብጠቱ ጎደለላት።

ከዚያ ወዲያ ሰውየው ዕረፍት አጡ። ሳሙናውን የገዛ ግራ ክንዳቸው ላይ ይቀቡ ጀመር። ክንዳቸው ላይ ፈካ ያለ መስመር ሲወጣ ከተማው «ጋሽ አዳነ ሩብ ፈረንጅ ሆኑ» እያለ ሳቀባቸው። እሳቸውም እጅጌያቸውን ሰብስበው ያሳዩ ነበር። ሳሙናውን የሚጠቀሙትንና የማይጠቀሙትን ሴቶች ሽንት እያነጻጸሩ መመዝገብም ጀመሩ። ያዘዛቸው የለም፤ ያመሰገናቸውም የለም።

የማይጠቀሙትን ፍለጋ ወደኛ ትምህርት ቤት መጡ። መምህራን ማረፊያ ውስጥ፣ በሁሉ ፊት፣ «ሳሙናውን የማትጠቀሙ ሴቶች እጃችሁን አውጡ» አሉ።

አይ ጋሽ አዳነ! እንዲህ ያለ ነገር በሰው ፊት ይጠየቃል?

ዘመኑ እጅ የማውጣት ዘመን ነበር። ስብሰባ ላይ የጎረቤትህ እጅ ሲወጣ ያንተም ይወጣል፤ ለምን እንደሆነ ቤትህ ገብተህ ታስበዋለህ። ሁላችንም አወጣን። እኔም፣ አጠገቤ የተቀመጠችው ጓደኛዬ ጥሩወርቅም። እኔና ጥሩወርቅ እኮ ያንኑ ሳሙና በክር ለሁለት ቆርጠን የተካፈልን ነን! ግን የቄስ ልጅ ነኝ፤ ሠርጌ ደርሷል፤ በወንዶቹ ፊት ምን ልበል? ከመካከላችን ለምርመራ ዕጣ ተጣለ። ለኔ ወጣ፤ ሽንቴን ሰጠኋቸው።

በሳምንቱ ተመልሰው መጡና ወደ ጥግ ወሰዱኝ።

«መምህርት፣ የምትጨምሪልኝ ነገር አለ?»

«የምን ነገር?»

«እኔ እንጃ። ሰው ያፍራል፤ ሽንት አያፍርም።»

ይቺ ሁልጊዜ እየሳቁ የሚሏት ናት። ያን ቀን አልሳቁም።

«የለም» አልኋቸው።

«እንግዲያው ያልሽውን እጽፋለሁ» ብለው ሄዱ።

እንዳልሁት ጻፉ። ወረቀቱ ወደ በላይ አካል ተላከ። ከወራት በኋላ መልስ መጣ፦ ሕመሙ ሳሙናውን በማትጠቀም ሴትም ስለታየ ከሳሙናው ጋር መያያዙ አልተረጋገጠም። ያቺ ሴት እኔ ነኝ።

እኔማ ጋሽ አዳነ ወደ ጥግ በወሰዱኝ ዕለት የኔን ግማሽ ሳሙና ሽንት ቤት ጥየዋለሁ፤ ፈርቼ። ለጥሩወርቅ ግን አልነገርኋትም። ብነግራት ስለ ውጤቱ ልትጠይቀኝ ነው፤ ለሰው ብታወራብኝስ? መልሱ የመጣ ቀን እየሳቀች «አላልሁሽም? ምንም የለውም!» አለችኝ። ሳሙናው ገበያ ላይ ቀጠለ፤ እሷም ቀጠለች።

በዓመቱ እግሯ አብጦ ጫማ እምቢ አላት። ጎንደር ሆስፒታል አደረስናት። የተመለሰችው በሣጥን ነው።

ቀብሯ ላይ ጋሽ አዳነ አጠገቤ ቆመው ነበር። ክፉ ቃል አልወጣቸውም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከተማውን ለቅቄ ከሄድሁ በኋላም ስንት ጊዜ ልነግራቸው ደባርቅ ድረስ ወጣሁ! ስለ ልጆቼ ይጠይቁኛል፣ ስለ ወገቤ ይጠይቁኛል፤ እኔም ስለ ወገቤ አውርቼ እመለሳለሁ። ልሰናበታቸው ስነሳ፣ በስልክም ሲሆን ከመዝጋታቸው በፊት፣ ሁልጊዜ አንዲት ጥያቄ አለቻቸው፦ «ሌላ የምትጨምሪልኝ አለ?» ሰው ሲሰማ የስንብት ወግ ይመስለዋል። ባለፈው መስከረምም ጠየቁኝ። «የለም ጋሼ፣ ደህና ይዋሉ» አልሁ። ስልኩን ይዤ ቁጭ ብዬ ቀረሁ።

ይህን ልጆቼም የድሮ ተማሪዎቼም ታነቡታላችሁ። አንብቡት። ሰው ምን ይለኛል እያልሁ አረጀሁ፤ ከዚህ በላይ መሸከም አልችልም።

ጋሽ አዳነ፣ አዎ፣ የምጨምርልዎ አለ። እጠቀም ነበር። ያወጣሁት እጅ ውሸት ነበር። እርስዎ አልተሳሳቱም፤ ልክ ነበሩ። ይህን አንድ ቃል በሕይወት እያሉ ነፍጌዎት ኖርሁ፤ ይቅር ይበሉኝ።

ነገ ወገቤ እሺ ካለኝ ለቀብርዎ እመጣለሁ። በዚያኛው ዓለም ጥሩወርቅን ካገኟት ግን ምንም አይንገሯት። እሷን እኔው ስመጣ እነግራታለሁ።

ደህና ይረፉ፣ ጋሼ።