የመቶ አለቃ ዳዲ ፈረስ

ሰበታ የገባሁት ወድጄ እንዳይመስላችሁ። የአዲስ አበባ ቤት ኪራይ አንገፍግፎኝ ነው። አከራዬ እማማ ጠጅቱ የዋዛ ሴት አይደሉም፤ ውሃ ፈሰሰ፣ በር ተንጓጓ ብለው ስንቴ ተቆጥተውኛል። የኔ የብርቅዬም አፍ አያርፍም። ቢሆንም ተዋደድን፤ እሳቸው ልጅ የላቸው፣ እኔ እናት የለኝ።

ሳሎናቸው ውስጥ የበረራ ልብስ የለበሰ ወጣት ፎቶ ተሰቅሏል። ባለቤታቸው መቶ አለቃ ዳዲ ነው። በሶማሊያው ጦርነት ጊዜ ከደብረ ዘይት ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ በረረ፣ በዚያው ቀረ። ሬሳው አልተገኘም። እማማ ጠጅቱ ግን መርዶውን አልሰማም አሉ። ጥቁር አልለበሱ፣ ድንኳን አላስተከሉ፣ ፍትሐት አላስደረጉ። ሲለምኗቸው የኖሩት ዘመዶች አንድ በአንድ አለቁ።

ምክንያታቸውን አንድ ቀን ጎመን ስንቀነጥስ ነገሩኝ። የዳዲ ቤተሰቦች የሱሉልታ ፈረሰኞች ናቸው። አባቱ ሲሞቱ ፈረሳቸው ሙሉ ጌጡን እንደለበሰ፣ ማንም ሳይቀመጥበት፣ ለቀስተኛው መሀል ገባ። ሰው የሚያለቅሰው ያን ጊዜ ነው አሉኝ፤ ባዶውን ኮርቻ ሲያይ። ዳዲ የቀረ ጊዜም ወንድሞቹ ፈረስ ጭነው ሰበታ ድረስ መጡ። እሳቸው በሩን ዘጉባቸው።

«የዳዲ ፈረስ ይሄ አይደለም ብዬ መለስኳቸው» አሉኝ።

እኔ በሆዴ ግትርነት ነው አልኩ። ዘንድሮ ግን የልብ ሕመም ያዛቸው፤ ሐኪሙም ነገሩን አልሸሸገም። ለራሳቸው ሞት ደንታ አልነበራቸውም። አንድ ነገር ብቻ ያብሰለስላቸው ነበር።

«እኔ ከሄድኩ ለሱ ማን ያለቅሳል?»

አንጀቴን በሉት።

በዚህ መሀል ነው የድሮዎቹ የጦር አውሮፕላኖች ታድሰው ቢሾፍቱ ላይ ለሕዝብ እንደሚታዩ በቴሌቪዥን የተነገረው። እማማ ጠጅቱ ውሰጂኝ አሉ። በዚህ ልብዎ የት ይሄዳሉ ብዬ ተቆጣሁ፤ ሰሚ የለም። ነጭ ነጠላቸውን ለብሰው በር ላይ ቆሙ። በሚኒባስ እየተንገላታን፣ ቃሊቲ ላይ መኪና እየቀየርን ደረስን።

ሜዳው በሰው ተጥለቅልቋል። አዳዲሶቹ ጄቶች ሰማዩን ሲሰነጥቁት ሕዝቡ ያፏጫል፣ ስልኩን ይቀስራል። እማማ ጠጅቱ ቀና ብለውም አላዩ። በኋላ አንዲት ባለፕሮፔለር፣ አዲስ ቀለም የተቀባች፣ እያጓራች መጣች። ድምፅዋን እንደሰሙ እጄን ጨበጡኝ። አላመመኝም ብል ውሸት ነው።

ዳዲ የሚያበራት ዓይነት እንደሆነች በጆሮዬ ነገሩኝ። ሁለት ጊዜ ዞረች፣ አረፈች፣ ከገመዱ ማዶ ፊት ለፊታችን ቆመች። ሞተሩ ጠፋ። ወጣቱ አብራሪ መስኮቱን ከፍቶ ወረደና ለሕዝቡ እጅ ነሣ። ሰው ሁሉ እሱን ያያል። እሳቸው የሚያዩት የተወውን ወንበር ነው።

ከዚያ እጄን ለቀቁ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ጠበቅ አድርገው አሰሩ። ምን ሊያደርጉ እንደሆነ ሲገባኝ በገመዱ ሥር ሾልከው አልፈዋል። አውሮፕላኗን እየዞሩ፣ ደረታቸውን እየመቱ፣ በኦሮምኛ ማልቀስ ጀመሩ።

«ፈርዲ ኬ ዱፌ፣ ያ ዳዲ ኮ! አቲ ሆ?»

ኦሮምኛዬ የገበያ ነው፤ ይህን ግን ለመረዳት አስተርጓሚ አልፈለግኩም። ፈረስህ መጣ፣ ዳዲዬ፣ አንተስ? ነው የሚሉት።

ጥበቃው እየሮጠ መጣ። እኔም ጉዳችን ፈላ ብዬ ተከተልኩት። ወጣቱ አብራሪ ግን ጥበቃውን በእጁ አስቆመውና የራስ ቁሩን አወለቀ። የአገር ልጅ ነው፤ ለቅሶ ሲያይ ያውቃል። አጠገባችን ያሉትም ስልካቸውን ዝቅ አደረጉ። እማማ ጠጅቱ እስኪበቃቸው ዞሩ፤ ማንም አልነካቸውም።

ስንመለስ ዓለም ገና ላይ ለእድሩ ዳኛ ለኦቦ መገርሳ እንድነግር አዘዙኝ፤ ድንኳን ይተከል፣ ፍትሐቱም ይደረግ። ኦቦ መገርሳ ሲሰሙ ዓይናቸው እንባ ሞላ። ግን ሥርዓት ሥርዓት ነው፤ መርዶ ሳይነገር ለቅሶ አይቀመጡም አሉ። ማን ይንገራቸው? ዘመዶቹ አልቀዋል።

«ብርቅዬ ትንገረኝ» አሉ እማማ ጠጅቱ።

እንዴት ያለ ነገር ነው? የሚያውቁትን፣ ራሳቸው ያዘዙትን! ቢሆንም እሑድ ጎህ ሲቀድ ከኦቦ መገርሳና ከሁለት ጎረቤቶች ጋር በራቸውን አንኳኳሁ። አንዲት ቃል ተናግሬ እገላገላለሁ ብዬ ነበር። ከፈቱልኝ። ጥቁር አልለበሱም፤ ገና ከእንቅልፋቸው እንደተነሡ ሁሉ የቤት ቀሚሳቸውን ነው የለበሱት።

«ምነው በማለዳ? ደኅና አይደላችሁም?» አሉኝ። ዓይናቸው ውስጥ ፍርሃት አየሁ፤ የእውነት ፍርሃት፣ የወጣት ሚስት ፍርሃት።

በፎቶ ብቻ የማውቀውን፣ አሁን በዕድሜ የምበልጠውን ሰው ሞት ልናገር ነው። አፈኛዋ ሴትዮ ቃል አጥቼ ቆምኩ፤ ኦቦ መገርሳ በክርናቸው ነካ አደረጉኝ።

«እማማ» አልኩ፤ «ዳዲ አርፏል።»

ጮኹ። ጎረቤቱ ሁሉ ወጣ፤ እኔም ከሳቸው ጋር መሬት ላይ ተቀመጥኩ።