የኮምፒውተሩን ቀን ያረምኩ ለታ

ኮምፒውተሩን ከአዲስ አበባ ይዤ የመጣሁት በአውቶቡስ ነው። ሁለተኛ እጅ ነበር። ሳጥኑ እግሬ ሥር፣ ስክሪኑ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ጭኔ ላይ። ጣርማ በርን አልፈን ቁልቁል መውረድ ስንጀምር ተሳፋሪው ሁሉ ሹራቡን ማውለቅ ያዘ። እኔ ግን ሸዋ ሮቢት እስክንደርስ ያንን ብርድ ልብስ እንደታቀፍኩ በላብ ተጠመቅኩ። ዕቃው ቆላ ሲገባ ምን እንደሚሆን አላውቅማ።

ባጃጅ ወደ ከተማችን መግባት የጀመረበት፣ የወረዳ መሥሪያ ቤቶችም የጽሕፈት መኪናቸውን በኮምፒውተር መለወጥ የያዙበት ሰሞን ነው። የሒሳብ መምህር ነኝ። ቤቱ ኮምፒውተር ያለው መምህር ከእኔ ሌላ አንድ ቢኖር ነው። ከአንድ የተቀዳደደ መጽሐፍ በቀር ያስተማረኝ ባይኖርም፣ በመምህራን ማረፊያ ስለ ኮምፒውተር ከተነሳ ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ እኔ ያዞር ነበር። ይህ ደስ ይለኝ ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ።

ባለቤቴ የጽሕፈት ሥራ ተምራ በጥሩ ውጤት የተመረቀች ናት። እኔን ብላ ቆላ ከወረደች ወዲህ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራ አላገኘችም። ማመልከቻ አስገብታ ያልተመለሰችበት መሥሪያ ቤት አልነበረም። በመጨረሻ አንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት አንዲት ጸሐፊ እንደሚፈልግ ማስታወቂያ አወጣ። ፈተናው አማርኛ በኮምፒውተር መጻፍ ነው፤ በፍጥነት የበለጠች ታልፋለች። እስከ ፈተናው የነበረው ጊዜ አንድ ወር ነበር። እሷም እኔ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ ኮምፒውተሩ ፊት ትቀመጣለች፤ ለምሳ ስመለስ ከግቢው በር ጀምሮ የኪቦርዱ ቁልፎች ኳኳታ ይሰማኛል። ከቀን ወደ ቀን እየፈጠነች መሄዷ ከድምፁ ይታወቅ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ ወንበሩ የእኔ ነው። አንድ ቀን የአጋማሽ ፈተና አዘጋጅቼ፣ ከባልደረባዬ በተዋስኩት ፕሪንተር አትሜ ወሰድኩ። በወረቀቱ ራስጌ ላይ ኮምፒውተሩ በራሱ የሚጽፈው ቀን የፈረንጅ ነበር። ርዕሰ መምህሩ በቀይ እስክርቢቶ አክብበው መለሱልኝ። በሰው ፊት ስለነበር ከነከነኝ። ቤት ገብቼ በንዴት የኮምፒውተሩን ቀን ማስተካከያ ከፈትኩና ዓመቱን ወደ እኛው መለስኩት። ሰባት ዓመት ወደኋላ ማለት ነው። ወሩ ኅዳር ነው፤ ኅዳር ሦስተኛ ወራችን ስለሆነ ከኮምፒውተሩም ወር ሦስተኛውን መረጥኩ። ማርች የሚል ስም አለው፤ ግን ወረቀቱ ላይ የሚወጣው ቁጥሩ እንጂ ስሙ ስላልሆነ ግድ አልሰጠኝም። ሰዓቱንም በእኛው አቆጣጠር አደረግኩት። ፈተናው እንደገና ሲታተም ቀኑ ልክ ወጣ። ልቤ እብጥ አለ፤ አጥፍቼው ወጣሁ።

በማግስቱ ለምሳ ስመጣ ኳኳታው የለም። ባለቤቴ በር ላይ ቆማለች። ጠዋት ስትከፍተው አንድ ማስታወቂያ እንደመጣ፣ ምን እንደሚል ግራ ስለገባት ምንም ሳታደርግ እንደተነሳች ነገረችኝ። ገብቼ አየሁት። ሲነሳ ቢያንስ አንድ ሰርቪስ ሳይጀምር ቀርቷል ይላል በእንግሊዝኛ። ሰርቪስ የሚባሉት ኮምፒውተሩ ሲከፈት እኛ ሳናያቸው ከጀርባ አብረው የሚነሱ ፕሮግራሞች ናቸው። አንዱ ለድምፅ ነው፣ አንዱ ለፕሪንተር፣ ሌላውም ለሌላ። አልነሳ ያለው የአማርኛ መጻፊያው ሰርቪስ ነበር። እሱ ካልተነሳ ቁልፉን ምንም ብትመታው የሚወጣልህ የእንግሊዝኛ ፊደል ነው።

«የቱን ነው የነካሽው?» አልኳት።

«ምንም አልነካሁም። ከፈትኩት፣ ይሄ መጣ፣ ተነሳሁ።»

«ሳይነኩት አይበላሽም።»

ትናንት እኔ ስዘጋው ደህና ነበር፤ ዛሬ የከፈተችው እሷ ናት፤ ስለዚህ ያበላሸችው እሷ ናት። ልክ ሰሌዳ ላይ እንደምሠራው አድርጌ ነው ያረጋገጥኩት። ጨርሼ እስክሠራው ድረስ እንዳትጠጋው አስጠነቀቅኳት።

ከዚያ በኋላ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሥራዬ እሱ ሆነ። የሰርቪሶቹን ዝርዝር እከፍታለሁ፤ ረጅም ነው። ያንን አልነሳ ያለውን መርጬ ጀምር እለዋለሁ። ትንሽ ያስብና ተቋርጧል ይለኛል። ሌሎቹ ይሆኑ የሚያውኩት ብዬ አንድ በአንድ እየዘጋሁ ኮምፒውተሩን አጠፋለሁ፣ እከፍታለሁ። እስኪነሳ ደጅ ወጥቼ ፊቴን ታጥቤ እመለሳለሁ። አንዳንዴ ልክ ሲነሳ መብራት ይሄዳል። ሙቀቱ ነው ብዬ የሳጥኑን ጎን ፈትቼ ቬንትሌተር ደገንኩበት፤ ያተረፍኩት አቧራ ነው። በአራተኛው ቀን ድምፁ ጠፋ፤ በስድስተኛው ፕሪንተሩ መታዘዝ ተወ። ሁለቱንም የዘጋኋቸው እኔ ነኝ። ግን ባለቤቴ ልታየው ብቅ ስትል «መጀመሪያ የተነካው ነገር ነው ይሄን ሁሉ ያመጣው» እላት ነበር።

በከተማው ያሉት የጽሕፈት ሱቆች ሥራ ስለሚበዛባቸው ለልምምድ ሰው አያስቀምጡም። እሷ ሁሉንም ዞራ ጠይቃ ተመለሰች። ከዚያ አንድ ቀን ስገባ ግቢው ውስጥ ጥላ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጣ ጭኗ ላይ ካርቶን ዘርግታለች። የቁልፎቹን ቦታ በእስክርቢቶ ሥላበት አሥሩንም ጣቷን ታሯሩጥበታለች። ከአንድ አሮጌ ጋዜጣ እያየች፣ ምንም በማይጽፍ ካርቶን ላይ ትጽፋለች። አሳዘነችኝ። ቢሆንም ያዘንኩላት ለጥፋተኛ እንደሚታዘን አድርጌ ነው።

ይባስ ብዬ ደግሞ አወራሁት። ማረፊያ ክፍል ውስጥ ፕሪንተሩን ያዋሰኝ ባልደረባዬ ሥራው እንዴት ነው ሲለኝ፣ ሚስቴ ኮምፒውተሩን ገደለችው ብዬ አሳቅኳቸው። አከራያችን ደግሞ ልጆቻቸውን ሁሉ እዚያው ግቢ ውስጥ ያሳደጉ፣ በሽንኩርት ንግድ የኖሩ ሙስሊም እናት ናቸው። ደጃቸው ላይ ሽንኩርት እየለቀሙ ያ ኳኳታ ምነው ጠፋ ብለው ጠየቁኝ። እንደነካካችው ነገርኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና ወደ ሽንኩርታቸው ተመለሱ።

ሁለት ሳምንት እንዲህ አለፈ። ተስፋ ስቆርጥ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለውን ሁሉ ሙልጭ አድርጎ አጥፍቶ እንደ አዲስ የሚጭን ባለሙያ መናኸሪያው አጠገብ አገኘሁ። ሰውየው ከማጥፋቱ በፊት አንድ ነገር ጠየቀኝ። ኮምፒውተሩ ስህተት በሠራ ቁጥር የሚጽፍበት መዝገብ አለው፤ የመጀመሪያውን ስህተት ከነቀኑና ከነሰዓቱ ገልብጬ እንዳመጣለት። እንዲህ ያለ መዝገብ እንዳለ መጽሐፌም ይናገር ነበር፤ አዋቂ ስለሆንኩ ዘልዬው ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ባለቤቴ ገበያ ሄዳ ሳለ መዝገቡን ከፍቼ መገልበጥ ጀመርኩ። የስህተቱን ስም ጻፍኩ፣ ቀኑን ጻፍኩ። ከዚያ እስክርቢቶዬ ቆመ። በመዝገቡ መሠረት የአማርኛው ፕሮግራም የተጫነው አልነሳም ካለበት ቀን ሰባት ዓመት በኋላ ነው። አልነሳም ያለው ደግሞ እኔ ገና የኮሌጅ ተማሪ ሳለሁ፣ በማርች ወር። ፕሮግራሙ በየቀኑ ሲነሳ የተፈቀደለትን ጊዜ ከኮምፒውተሩ ቀን ጋር ያመሳክራል፤ ገና ያልተወለደበት ቀን ላይ ራሱን ሲያገኝ ተጭበርብሬያለሁ ብሎ ቁጭ አለ። ቀኑን ወደ ፈረንጁ መልሼ አጥፍቼ ከፈትኩት። ማስታወቂያው አልመጣም። አንዲት «ሀ» መታሁ፤ «ሀ» ወጣች።

የዚያን ጊዜ የተሰማኝን እናገራለሁ፤ መጀመሪያ ደስታ ነው የተሰማኝ። ቀጥሎ አፈርኩ። ከዚያ ደግሞ ማንም ሳያየኝ የዘጋኋቸውን ሰርቪሶች ሁሉ ከፍቼ፣ የሳጥኑን ጎን ገጥሜ፣ የገለበጥኩበትን ወረቀት ቀድጄ ጣልኩ። ባለቤቴ ስትመጣ «ተሠርቷል» አልኳት። እንዴት እንደተሠራ አልተናገርኩም፤ ብትጠይቀኝ አንድ ከባድ የእንግሊዝኛ ቃል አዘጋጅቼ ነበር።

አልጠየቀችኝም። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አደከምኩህ» አለችና ዘንቢሏን አስቀምጣ ካርቶኗን አነሳች።

«ተሠርቷል እኮ አልኩሽ» አልኳት።

«ሰማሁህ። እኔ ግን ሁለተኛ አልነካውም። ፈተናውም ይቅርብኝ። የመንግሥት ዕቃ ባበላሽስ?»

ይህን ስትል ጣቶቿን መዳፏ ውስጥ ሰብስባ ይዛቸው ነበር። ሁለት ዓመት የጠበቀችውን ነገር ነው የምትተወው፤ የምትተወው ደግሞ በእኔ ቃል ነው። ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም ነበር። ትንሽ ጊዜ ዝም ለማለት እንደፈለግኩም አልክድም። ግን አልቻልኩም። አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ቀይ እስክርቢቶውን፣ ኅዳርን በማርች ቦታ መክተቴን፣ ድምፁንና ፕሪንተሩንም እኔው መዝጋቴን፣ በሷ አሳብቤ ለሰው ማውራቴንም።

እስክጨርስ ሰማችኝ። ከዚያ «እኔኮ ሁለት ሳምንት ሙሉ ጣቴን ስሰድብ ነው የከረምኩት» አለች። ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች። ስትመለስ ፊቷን ታጥባለች። «ለእነሱም ትነግራቸዋለህ» አለችኝ። ለእነማን እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

አከራያችን ደጃቸው ላይ ነበሩ። «እትዬ፣ ያን ኮምፒውተር ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ እሷ የለችበትም» አልኳቸው።

«እኔማ ወላሂ ያኔም አላመንኩህም» አሉ። «ያች ልጅ ከእጇ ብርጭቆ አምልጦ አያውቅም። ለሷስ ነገርካት?»

ነግሬያታለሁ ስላቸው አልሐምዱሊላህ ብለው ሥራቸውን ቀጠሉ። ሰኞ ማረፊያ ክፍል ውስጥም ነገርኩ። ከፊተኛው ይልቅ በዚህኛው ነው የሳቁት፤ «ማርች» የሚል ስም አውጥተውልኝ ዓመቱን ሙሉ ሲጠሩኝ ኖሩ። ይገባኛል አልኩ።

ባለቤቴ ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ ጠዋትም ከሰዓትም ወንበሩን ያዘች። እኔ ፈተናዬን በእጄ ጻፍኩ። የቀሯት ጥቂት ቀናት ነበሩ። ኳኳታው መጀመሪያ ላይ እየቆመ፣ እየፈራ ነበር የሚሄደው፤ አንድ ቁልፍ ትመታና ስክሪኑን ታያለች። በመጨረሻዎቹ ቀናት እንደገና ፈጠነ፤ ግን ድሮ ደርሶበት ከነበረው ብዙም አላለፈም።

ውጤቱ በጽሕፈት ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ አብረን ሄድን። ሁለተኛ ወጥታለች። የሚፈለገው አንድ ሰው ነው። በአንደኛዋና በእሷ መካከል የነበረው ልዩነት ትንሽ ነበር። በስንት ቀን ልምምድ እንደሚሞላ፣ ሳልፈልግ፣ እዚያው ቆሜ አሰላሁት።

«ያቺ ሁለት ሳምንት ብትኖረኝ አልፈው ነበር» አለች ሰሌዳውን እያየች። በድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

«ታልፊው ነበር» አልኳት።

ወደ አስፋልቱ ወጥተን ባጃጅ አስቆምኩ። ዞር ስል እሷ ቀድማኝ በእግሯ ጀምራለች። ባጃጁን ይቅርታ ጠይቄ ሸኘሁትና ተከተልኳት።