የባለወፍጮ አውራ ጣት

የበደለኝ የአክስቴ ባል ነው። ዘመኑ የደርግ ነበር፤ እኔ ጄኔቫ ከገባሁ ሁለተኛ ዓመቴ።

ልጆቹን እንድጠብቅ ብሎ ከአዲስ አበባ አስመጣኝና ፓስፖርቴን «እንዳይጠፋብሽ» ብሎ መሳቢያው ውስጥ ቆለፈበት። ለ ሊኞን በሚባለው ሰፈር አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ ነበርን። ከመስኮቱ የሮን ወንዝ ይታየኛል፤ እስከ ወንዙ ለመውረድ ግን እሱን ማስፈቀድ ነበረብኝ። «የመኖሪያ ፈቃድሽ በእኔ ስም ነው። ከዚህ ቤት ከወጣሽ የሚቀበልሽ ደርግ ነው» ይለኛል። አክስቴ ሰምታ ልብስ ማጣጠፏን ትቀጥላለች።

ሥራው ትርጉም ነበር፤ አንድ ቀን መሥሪያ ቤቱ የዓሣ ስሞችን ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እንዲመልስ አዘዘው። ድንጋይ ሥር የምትደበቅ፣ ራሷ ሰፊ የሆነ ትንሽ ዓሣ አለች። እንግሊዞች «የባለወፍጮ አውራ ጣት» ይሏታል። ለምን እንደሆነ ሦስት ቀን መጽሐፍ ሲያገላብጥ ከረመ።

ሳህን እያጠብኩ ነገርኩት። «ጋሼ፣ ባለወፍጮ እኮ ዱቄቱ መላሙን የሚያውቀው በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ አሸት አሸት አድርጎ ነው። ዕድሜ ልኩን ሲያሽ ጣቱ ይሰፋል። የአባቴም እንደዚያች ዓሣ ራስ ጠፍጣፋ ነበር።»

«የወፍጮ ቤት ልጅ! ለካ ትጠቅሚያለሽ» ብሎ ሳቀ። «ይኼ ከተወደደልኝ ፓስፖርትሽን እሰጥሻለሁ።»

ተወደደለት። እንግሊዛዊ አለቃውን እሁድ ምሳ ጋበዘ። ወጥ ሳቀርብ፣ በእንግሊዝኛ «አባቴ ባለወፍጮ ነበር» ሲል ሰማሁት። አባቱ ዳኛ ነበሩ፤ ለአንድ ምሳ ካዳቸው። ስለ ፓስፖርቴ ትንፍሽ አላለም።

አለቃው «እስቲ እንዴት እንደሚያደርጉት አሳየኝ» አለው። ዱቄት አስመጣኝና እጁን እንደሚታጠብ ሰው በሁለት መዳፉ አሸው።

«እንደሱ አይደለም» አልኩ እኔም በእንግሊዝኛ። ቆንጥሬ አሳየሁ። «ባለወፍጮው የእኔ አባት ነው። ፓስፖርቴም እዚያ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበታል።»

አክስቴ ወጧን ማየት ጀመረች። እሱ በአማርኛ «ቆይ ብቻ፣ እንግዳው ይሂድ!» አለኝ።

«እንግዳው ሳይሄድ ነው የምፈልገው» አልኩት።

አለቃው ማንኪያውን አስቀምጦ ጠበቀ። ጋሼ ቁልፉን ከኪሱ አወጣ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በባቡር ዙሪክ ገባሁ። ጥገኝነት ጠየቅሁ። ላንግሽትራሰ በሚባለው መንገድ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ አሥር ዓመት ሳህን አጠብኩ። አክስቴ ስትሞት ቀብሯ ላይ አልተገኘሁም።