በሕግ አምላክ የቆመ ብስክሌት

የአዳማ ቀረጥ ኬላ ጸሐፊ የነበሩት አቶ አብተው ብስክሌታቸውን እንደ ሰጋር በቅሎ ሸልመውት ነበር። ከመሪው ላይ ዘርፉ የተንዠረገገ ቀይ መጣብር፣ የበቅሎ አንገት ጌጥ፣ አንጠልጥለው፣ መቀመጫውን የበግ ለምድ አልብሰውታል። የቀረው ልጓም ብቻ ነው፤ እሱም የቀረው ብስክሌቱ አፍ ስለሌለው ነው። አፍ የነበራቸው ባለቤቱ ነበሩ፤ ለእሳቸው ደግሞ ልጓም የሚያገባ ሰው አልተገኘም።

«ባላምባራስ» ተብለው ይጠሩ ነበር። ማዕረጉን የሰጣቸው የለም፤ ስላልተሰጣቸውም የሚነጥቃቸው ጠፋ። በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃያ አንድ ዓመተ ምሕረት ብስክሌቱ ከድሬዳዋ በባቡር ሲመጣላቸው፣ በከተማው ብስክሌት የነበራቸውን ጥቂት ሰዎች ሰብስበው ማኅበር አቋቋሙ። ማኅበሩ እሑድ እሑድ ወደ ሶደሬ ይወርድ ነበር። ደንቡም አንድ ነው፤ ከባላምባራስ ጎማ ፊት የማንም ጎማ አይቀድምም።

በበቅሎ ጉዞ እንዲህ ያለው ደንብ ቢያንስ ጉዳት የለውም፤ በቅሎ ዝግ ብላ ብትሄድ አትወድቅምና። ብስክሌት ግን ሲዘገይ ይወድቃል። አቶ አብተው መንገደኛው አጥግቦ እንዲያያቸው ፍጥነታቸውን በቀነሱ ቁጥር፣ ከኋላ የተሰለፈው ማኅበርተኛ እርስ በርሱ እየተላተመ ይዘረር ነበር። እሳቸውም የብረቱን ድምፅ ሲሰሙ ፊታቸውን ሳያዞሩ «መንዳት ያልተማረ አይከተለኝ» ይላሉ። ይህን የሚሉት፣ ሰው መሪውን ሳይዝላቸው አንድ ቀን እንኳ ወጥተው ወይም ወርደው የማያውቁት አቶ አብተው ናቸው። እርካብ እንደሚያዝለት መኮንን ሁልጊዜ አንድ ያዥ ያሻቸው ነበር።

ያዡ ደገፋ ነው። ደገፋ በባቡር ጣቢያው ቴሌግራም አድራሽ ሲሆን፣ የሚጋልበውም የጣቢያውን ብስክሌት ነበር። አባቷን ተከትላ ቆዳ ለመሸጥ አዳማ የመጣችውን ደራርቱን አይቶ ከወደዳት በኋላ፣ ያች ልጅ የሌለችበት ሐሳብ አልነበረውም። አባቷ ኦቦ ሆራ ከዝዋይ ሐይቅ ዳር የሚኖሩ፣ ሰው ሲጣላ የሚዳኙ የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው። ከቡልቡላም ሌላ ሰው ልጅቷን ጠይቋል። ኦቦ ሆራ ለሁለቱም ወገን ጊዜ ከሰጡ በኋላ ለደገፋ የላኩበት ቃል ይህ ነበር፦ «ሰኞ ጠዋት ከብቴ ከበረት ሳይወጣ ሽማግሌዎችህ ደጄ ላይ ይቁሙ። ከብቱ ከወጣ የቡልቡላዎቹን እሺ እላለሁ።»

ጠያቂው ራሱ አይናገርም፤ የሚናገርለት ያስፈልገዋል። ደገፋ ሁለት ሰዎች ለመነ። አንደኛው ከወሎ መጥቶ አርሲ ያደገው ማኅበርተኛው ባለሱቅ ሱሩር ነው፤ ኦሮምኛውም ነገሩም የሰላ። ዋናው ሽማግሌ እንዲሆኑለት ግን አቶ አብተውን ለመነ፤ በአዳማ ትልቅ ሰው የተባሉት እሳቸው ነበሩና። እሳቸውም እሺ አሉ፤ ነገር ግን ጉዞው ከነማኅበሩ በብስክሌት እንዲሆን፣ እሳቸውም ከፊት እንዲሆኑ አዘዙ። ለሌላው ሰው ጋብቻ የነበረው ነገር ለእሳቸው ሰልፍ ነበር።

አዋሽን ሲሻገሩ ደገፋ የጣቢያውን ብስክሌት በአንድ ትከሻ፣ የአቶ አብተውን በሌላው ተሸከመ። መጣብሩ ውኃ እንዳይነካው አቶ አብተው ከኋላ ሆነው «ከፍ! ከፍ!» ይሉ ነበር። ሌሎቹ ማኅበርተኞች መቂ ላይ በቃን ብለው ቀሩ። ሦስቱ መቂ አድረው ጎሕ ሳይቀድ ተነሡ፤ ብዙም ሳይርቁ የመጣብሩ ዘርፍ ከሰንሰለቱ ገብቶ ተጠመጠመ። ደገፋ በጩቤ እንዳይቆርጠው ተከልክሎ ክሩን አንድ በአንድ ሲፈታ ሰማዩ ቀላ።

«ባላምባራስ፣ ፀሐይዋ ወጣች» አለ ደገፋ።

«አየኋት። እሷ እንኳ በጎኔ ወጣች እንጂ ከፊቴ አልወጣችም።»

«ጌታው» አለ ሱሩር «ከዚህ በላይ ቀስ ካልን ወደ አዳማ መመለሳችን ነው።»

ከጉብታው ላይ ሐይቁ ታየ፤ ከሐይቁ ወዲህ የኦቦ ሆራ በረት። ከብቱ ገና ውስጥ ነው፤ ጩኸቱ ይሰማል። ይህ የመጨረሻው ቁልቁለት ነበር፤ አቶ አብተው ግን ገበያተኛ መንገዱን ሞልቶ ስላዩ ቀኝና ግራ እጅ እየነሡ ያዘግሙ ጀመር።

ደገፋ ለመነ። «ይፍቀዱልን። ሱሩር ቀድሞ ደጃፉ ላይ ይቁም፤ እርስዎ በክብርዎ ይድረሱ።»

«ሽማግሌ የተባልኩት እኔ፣ ቀድሞ የሚታየው ባለሱቅ? አይደረግም!»

«ደጉ ጌታ» አለ ሱሩር «ያልተደረገውን እንግዲህ ይዩት»፤ ብሎም ፔዳሉን ረግጦ አለፋቸው። ደገፋም ዐይኑን ጨፍኖ ተከተለ።

ያን ጊዜ አቶ አብተው በሙሉ ድምፃቸው ጮኹ። «በሕግ አምላክ!»

ይህ ቃል ያሳደገን ሁሉ እናውቀዋለን። ባልቴት ወንበዴን የምታቆምበት፣ ጭሰኛ ጌታውን የሚያስቆምበት፣ ጦር የሌለው ሰው የመጨረሻ ጦር ነው። የሰማ ሁሉ ባለበት ይቆማል። አቶ አብተው ግን ይህን ቃል የጎማቸውን ቀዳሚነት ለማስጠበቅ አወጡት። ሌላው ጥፋታቸው ሁሉ ያስቃል፤ ይህኛው አያስቅም።

ሁለቱም ቆሙ። የቆመ ብስክሌት ይወድቃልና ሁለቱም ወደቁ፤ የደገፋ ጉልበት ተገሸለጠ።

«አንተ ቂል፣ ለምን ቆምክ?» አለ ሱሩር አቧራውን እየተፋ።

«አንተስ?»

ሱሩር ተነሣ። ቀና ብሎ በረቱን፣ ዞር ብሎ ደግሞ አቶ አብተውን አየ፤ ፈገግ አለም። «እንግዲህ ቆመናል። ከሳሽና ተከሳሽ ይቆራኙና ከቅርብ ዳኛ ይቅረቡ። ወጉ ይህ ነው፤ ወይስ ለባላምባራስ ቀርቷል?» ብሎ የአቶ አብተውን ነጠላ ጫፍ ከደገፋ ነጠላ ጫፍ ጋር ጠበቅ አድርጎ ቋጠረ። ገበያተኛው ከብቦ ያያል፤ ሕግን ጠርቶ ዳኛን እምቢ ማለት አይቻልም።

«ዳኛው ማን ነው?» አሉ አቶ አብተው።

«የዚያ በረት ባለቤት።»

የተቆራኘ ሰው ብስክሌት አይነዳም። ባለ መጣብሩ ብስክሌት ሣር ላይ ተጋድሞ ቀረ። ደገፋ ሮጠ፤ አቶ አብተውም ሳይወዱ ሮጡ፤ ሱሩርም ከኋላ «ይበርቱ ባላምባራስ፣ የሚቀድምዎት የለም!» እያለ ነዳቸው።

ኦቦ ሆራ የበረቱን መወርወሪያ ለመሳብ እጃቸውን ዘርግተው ነበር። የመጡትን አይተው እጃቸው ባለበት ቀረ።

«አካም ቡልታን፣ እንዴት አደራችሁ» አሉ። «ሽማግሌ ስጠብቅ ሙግት መጣብኝ?»

«ይህ ሰው ቀደመኝ!» አሉ አቶ አብተው እያለከለኩ።

«ምን ወሰደብዎ?»

«ፊቴን!»

ኦቦ ሆራ የአቶ አብተውን ፊት አተኩረው ተመለከቱ። «ያለ ይመስለኛል» አሉ። ከዚያ ወደ ደገፋ ዞሩ። «ከብቱ ሊወጣ እንደሆነ አላየህም?»

«አይቻለሁ።»

«ልጄን እንደምታጣስ?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ቆምክ?»

«ሕግ ተጠርቶ እንዴት ልለፍ፣ ኦቦ?»

ከጎጆው በስተጀርባ የሴት ድምፅ መጣ፤ የደራርቱ ነው። «አባ፣ ፍርዱ ይደርሳል፤ ጉልበቱ ይደማል!»

ኦቦ ሆራ እጃቸውን ከመወርወሪያው ላይ አነሡ። «ከሳሽ ለተከሳሹ ሽማግሌ አይሆንም» አሉ አቶ አብተውን። «እርስዎ ይቀመጡ። ባለሱቁ ይናገር። በረቴ ገና አልተከፈተም።» ሱሩርም ተናገረ፤ ተናግሮ ሲጨርስ ኦቦ ሆራ ወደ ቡልቡላ የእምቢታ መልክተኛ ላኩ። ይህ ሁሉ ሲሆን ቋጠሮውን መፍታት ያስታወሰ አልነበረም፤ አቶ አብተው የደገፋን እጮኝነት ከደገፋ ነጠላ ጋር ታስረው ቁጭ ብለው አዳመጡ።

አዳማ ሲመለሱ ስለዚያ ጉዞ ለጠየቃቸው ሁሉ «እስከ ዝዋይ ድረስ የቀደመኝ የለም» ይሉ ነበር። የሚያምናቸውም ተገኝቷል። ነገሩ ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም፤ በነጠላ ጫፍ የታሰረን ሰው ማንም አይቀድመውም፤ እሱም ማንንም አይቀድምም።