ያለ መኪና ወደ ቪየና

ከሐዋሳ የወጣሁት ሊነጋጋ ሲል ነው። ሚኒባሱ ታቦር ሰፈር ቤታችን በር ላይ ሞተሩን ሳያጠፋ ቆሟል፤ ጎረቤቱ ነጠላውን ተከናንቦ ወጥቷል፤ እናቴ ታለቅሳለች። ስደት የሄደ ሰው ሁሉ ያን ቀን አንጀቱ እንደተላወሰ ያወራል። እኔ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሻንጣዬ ከተፈቀደው ኪሎ ማለፍ አለማለፉን ነበር የማስበው። ሌላ ምንም አልተሰማኝም።

አብሮኝ የሚሄደው ማቴዎስ ነበር። ሐይቅ ዳር አንድ ሆቴል ውስጥ እሱ ወጥ ቤት፣ እኔ እንግዳ መቀበያ አብረን ሠርተናል፤ ኦስትሪያ የሚባል አገር ተራራ ላይ ያለ ሆቴል በውል ሲወስደንም አብረን ነው የተወሰድነው። እናቱ እትዬ አበራሽ ባህል አዳራሽ አካባቢ ቆጮ ይሸጡ ነበር። በዚያ ጨለማ ሰፈራችን ድረስ በእግራቸው መጥተው እጄን ያዙና «ሰለሞን፣ አንተ ትልቁ ነህ። ልጄን አደራ» አሉኝ። «ኧረ ችግር የለም እትዬ» አልኳቸው፣ ሻንጣ ጠብቅልኝ የተባልኩ ያህል። እሳቸውም አመኑኝ።

ደረስን። ስለ አገሩ ብዙ አልጽፍም፤ ሁላችሁም ከአንዱ ስደተኛ ሰምታችኋል። ሐዋሳ ዝናብ ሲመጣ በሐይቁ በኩል ይታያል፤ ልብስህን ከገመድ ላይ ታነሳለህ። እዚህ በረዶ ድምፅ የለውም፤ ጠዋት ስትነሳ አገሩ ጠፍቶ ታገኘዋለህ። ክኖድል የሚሉት ምግብ አላቸው፤ ያደረ ዳቦ ፈርፍረው፣ አድበልብለው፣ በውሃ ይቀቅሉታል። ማቴዎስ መጀመሪያ የቀመሰ ቀን ቢላዋውን አስቀምጦ «እማ ቆጮዋን አምጥታ እዚህ ብትሸጥ ሰዉ ይሰለፍላት ነበር» አለ። ሰላምታቸው አንድ ቃል ነው። «ቤተሰብ ደህና?» ብለህ ብትቀጥል ምን ሰምቶ ነው ብለው ይደነግጣሉ።

እንዲህ ሦስት ዓመት አለፈ። ማቴዎስ ሁለት ጊዜ ወድቆ በሦስተኛው መንጃ ፈቃድ አወጣና አሮጌ ቀይ መኪና ገዛ። ቅዳሜ ቅዳሜ ያጥባታል፤ ቪዲዮ ይቀርጽና ለእናቱ ይልካል።

አንድ ሐሙስ፣ ሥራ ላይ እያለሁ፣ የእናቱ ወንድም ጋሼ ዮሐንስ ደወሉልኝ። «ብቻህን ነህ?» አሉኝ። ውጭ አገር ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ከአገር ቤት ተደውሎ «ብቻህን ነህ?» ከተባለ መርዶ ነው። መጀመሪያ የመጣብኝ የራሴ ቤት ነው።

«አበራሽን ጌታ ወሰዳት» አሉ። «ትናንት በድንገት ነው። ዛሬ ቀበርናት።»

በእጄ የያዝኩትን የክፍል ቁልፍ አስቀመጥኩ።

«ስማኝ ልጄ፤ ማቴዎስ በስልክ እንዳይሰማ። ዘመድ ጥየቃ ገጠር ሄዳለች፣ ኔትወርክ የለም እንለዋለን። አንተ ሰው ሰብስብ፤ በደንብ ይብላ፣ ይተኛ፣ በጠዋት አርዱት። ደግሞ መኪና ገዝቷል አሉ። ሰምቶ መሪ እንዳይጨብጥ።»

«እሺ ጋሼ» አልኩ። ስልኩን ዘግቼ ለእንግዶች ቁልፍ ማደሌን ቀጠልኩ። ጥርስ ሐኪም መርፌ ሲወጋችሁ ከንፈራችሁ የራሳችሁ አይመስልም አይደል? ዘጠኝ ቀን እንደዚያ ሆኜ ከረምኩ። ከማቴዎስ ጋር እበላለሁ፣ ስለ ኳስ እንከራከራለን፣ «እናትህ ደወሉ?» ብዬ ሁሉ እጠይቀዋለሁ፤ ካልጠየቅሁ ይጠረጥራል ብዬ ነው።

ሰው ሰብስብ ማለት ቀላል ነው። በዚያች ከተማ ከእኔና ከእሱ በቀር ሐበሻ የለም። ከሌላ ቦታ ላስመጣ ብዬ ሰኞ ዕለት አከራያችንን ወይዘሮ ግሩበርን ላስፈቅድ ሄድኩ።

«እሁድ ጠዋት ወደ አስር ሰው ቤታችን ይመጣል» አልኳት።

«ግብዣ አላችሁ?»

«አይ፣ ለቅሶ ነው።»

«ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

«ሦስት ቀን።»

መነጽሯን አወለቀች። «ማን ሞቶ ነው?»

«የማቴዎስ እናት።»

«ምስኪን! እንዴት ሆነ ታዲያ?»

«ደህና ነው፣ ሥራ ገብቷል። ገና አልሰማም።»

«አልሰማም? መቼ ነው የሞተችው?»

«አምስት ቀን ሆናት።»

መነጽሯን መልሳ አደረገች። «አንተ ታውቃለህ። አሁን እኔም አወቅሁ። ልጇ ግን አያውቅም።»

«አዎ።»

«እሁድ ድምፅ ማሰማት በቤቱ ደንብ ክልክል ነው» አለች በመጨረሻ። «ሰኞ ብታደርጉትስ? ከሁለት ሰዓት እስከ ስድስት፣ መስኮት ተዘግቶ?»

ክፉ ሴት አይደለችም። ማታውን ኬክ ጋግራ በር ላይ አስቀመጠችልን፤ ማቴዎስ «ልደቷ ነው እንዴ?» እያለ ግማሹን በላው።

ሲቸግረኝ ዋና ከተማቸው ቪየና ውስጥ ላሉት ለአቶ ጳውሎስ ደወልኩ፤ የሐበሾቹ የጸሎት ኅብረት ሽማግሌ ናቸው። «አምጣው» አሉኝ። «ሰው እኔ እሰበስባለሁ። ቅዳሜ ከተማውን ስታሳየው ዋልና ማታ እኔ ቤት ኑ። ይብላ፣ ይተኛ። እሁድ ጠዋት እንነግረዋለን።»

ማቴዎስን ወጥ ቤት ጠብቄ «ሦስት ዓመት ሙሉ ቪየናን ሳናይ! ቅዳሜ እንሂድ» አልኩት።

ፊቱ በራ። «መኪናዋን ዛሬውኑ ላጥባት!»

«በመኪና አይሆንም።»

«ለምን?»

«ማቆሚያ የለም።»

«ዳር አቁመን እንገባለን።»

«ማቴ፣ የነገሥታት ከተማ እኮ ነው። በእግር ነው የሚታየው። በመኪና ያየው ሰው አየሁ አይልም ይባላል።»

«ማን ነው እንደዚያ የሚለው?»

«መጽሐፍ ላይ አለ።»

«አንተ?» ብሎ ሳቀብኝ። «ከታቦር ባህል አዳራሽ ለመውረድ ባጃጅ የምትጠራ ሰውዬ፣ ዛሬ በእግር አልክ?»

ሦስት ቀን ከሥራ ስወጣ ተቀምጬ ፕሮግራም አወጣሁ። የትኛው ባቡር፣ የትኛው ትራም፣ ከካቴድራሉ እስከ ቤተ መንግሥቱ ስንት ደቂቃ በእግር፣ የትኛው የአትክልት ቦታ አግዳሚ ወንበር አለው፣ ምሳ የት ከባድ ነገር ይገኛል። ጋሼ ዮሐንስ በደንብ ይብላ ብለዋልና ስለ ምሳው በተለይ ተጨነቅሁ። ወረቀቱን ሳሳየው ራሱ እስክሪብቶ አንስቶ ሰው ተሳፍሮ ከተማውን ከላይ የሚያይበትን ትልቁን የሚሽከረከር ጎማ ጨመረበት። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ በዚያ ሳምንት ትንሽ ደስ ያለኝ ነገር ቢኖር ያ ፕሮግራም ነው።

ቅዳሜ ሄድን። ባቡሩ ላይ መንገዱን እያየ «በእኔ መኪና ቢሆን እስካሁን ደርሰን ነበር» ይላል፤ ከተማው ሲገባ ግን ረሳው። ካቴድራሉ ጣሪያው እንደ ሰሌን የተሠራ ቀለም በቀለም ነው። ቤተ መንግሥቱ አንዱን አለቀ ሲሉት ሌላው ይመጣል። በሩ ላይ ጋሪዎች ተደርድረዋል፤ ባለ ጋሪዎቹ ረጅም ጥቁር ባርኔጣ አድርገዋል። «የሐዋሳ ባለ ጋሪዎች ይህን ቢያዩ በማግስቱ ታሪፍ ይጨምሩ ነበር» ብሎ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

በየደረሰበት ለእናቱ በሲዳምኛ ድምፁን እየቀዳ ይልካል። እኔ ግማሹን እሰማለሁ። «እማ፣ ይሄ የንጉሥ ቤት ነው። እማ፣ መስኮቱን ብትቆጥሪው አታልቂውም።» ከመልእክቶቹ ጎን አንድ አንድ ምልክት ብቻ ነበረ፤ አልደረሳትም ማለት ነው። «ገጠር ናታ» ይለኛል። «ስትመለስ ሁሉንም አንድ ላይ ትሰማዋለች።»

ምሳ ሁለት ሰሃን በላ። ከዚያ በፕሮግራሙ መሠረት የአትክልት ቦታው ውስጥ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ስልኩን አወጣና ጮኸ።

«ሰለሞን! ሰማችኝ!»

ምልክቶቹ ሁለት ሁለት ሆነዋል። ሰማያዊ። አንድ በአንድ፣ ከካቴድራሉ ጀምሮ፣ ዓይናችን እያየ ሰማያዊ ሆኑ። በኋላ እንደሰማነው ታናሽ እህቱ የእናቷ ድምፅ ናፍቋት የተዘጋውን ስልክ ከፍታ ነው። ማቴዎስ ተነስቶ ቆመ። ደወለ። አይነሳም። እንደገና ደወለ። «ስልኩ አጠገቧ ነው እኮ! መንካቱን አትችልበትም፤ ቆይ ታነሳዋለች» እያለ በወንበሩ ዙሪያ ይዞራል።

ትክክለኛውን አውቀው ነበር። እስከ ማታ ዝም ማለት፣ ማብላት፣ ማስተኛት። ነገር ግን እንደዚያ ደስ ብሎት ሳየው ዘጠኝ ቀን የደነዘዘው ነገር ተነሳብኝና አልቻልኩም።

«ማቴ፣ ተቀመጥ።»

«ቆይ፣ እየጠራ ነው።»

«ተቀመጥ። እትዬ አበራሽ አርፈዋል።»

ተቀመጠ። ስልኩ ጉልበቱ ላይ መጥራቱን ቀጥሏል።

«መቼ?»

«ዛሬ አስር ቀናቸው።»

ከዚያ ስልኩን አየና «ታዲያ ማን ነው የሰማኝ?» አለ።

በዚህ መሃል አንድ ባልና ሚስት ቱሪስቶች መጥተው ፎቶ እንዲያነሳቸው ለመኑት። ማቴዎስ ተነሳ፤ ትንሽ ወደ ግራ እንዲሉ በእጁ አሳያቸው፤ ሁለት ጊዜ አነሳቸው፤ አመሰገኑት። ተመልሶ ተቀመጠ።

«ቀጥሎ ምን አለ?» አለኝ።

«አቶ ጳውሎስ ቤት። ሰው አለ።»

«በምን?»

«በትራም።»

«በእግር እንሂድ» አለ። ከአንድ ሰዓት በላይ ሄድን።

አቶ ጳውሎስ ቤት ሴቶቹ ገና ሽንኩርት እየከተፉ ነበር። ፊታችንን አይተው ገባቸውና ለቅሶው ተነሳ። ማቴዎስ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰው፤ ሁለት ሰው ደግፎት። አቶ ጳውሎስ እኔን ኮሪደር ላይ አወጡኝ። «ሰው እንደሌለው፣ መንገድ ላይ? አንተስ እናት የለህም?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኳቸው። ጥለውኝ ገቡ።

በሦስተኛው ቀን ማቴዎስ ጠራኝ። «ዘጠኝ ቀን አብረን በላን» አለኝ። «ደወሉ ወይ ብለህ ስትጠይቀኝ ነበር።» ከዚያ ወዲህ አንድ ቤት እንኖራለን፤ ደህና ዋል፣ ደህና እደር ብቻ እንባባላለን። አደራውን እንደበላሁ አውቃለሁ፤ የቱ ጋ እንደበላሁት ግን እስካሁን አልለየሁትም። ዝም ስል ይሁን፣ ስናገር።

ትናንት ታቦር ደወልኩ። እናቴ አነሳች።

«ደህና ናችሁ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁላችን ደህና ነን።»

ይህ ንግግር ሞት ሲደበቅ እንዴት እንደሚባል አሁን አውቀዋለሁ። ድምፅን ትንሽ ከፍ አድርጎ ነው የሚባለው።

«አባዬስ?»

«ደህና ነው።»

«እስቲ አገናኚኝ።»

«ወጣ ብሏል፤ ሐይቅ ዳር ነፋስ ሊቀበል።»

«ስልኩ ላይ ልደውልለት?»

«ረስቶት ነው የወጣው።»

«እማዬ…»

«ወዬ።»

«እስኪመጣ አልዘጋም።»

«ምን ነካህ ልጄ? ሥራ የለህም?»

«የለኝም። እጠብቃለሁ።»

ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ሄደች። የጎረቤት ዶሮ ይሰማኛል፤ ራቅ ብሎ ሰው ይስቃል። በራችን ላይ አንድ ባጃጅ የቆመ መሰለኝና ጆሮዬን አስጠጋሁ። ባጃጁ ሄደ። በሩ አልተከፈተም። ጠበቅሁ።