ተጋጣሚዎቼ ቤቴ ያደሩ ዕለት

ሰው ሥራህ ምን ነበር ሲለኝ «የስፖርት መምህርና የኳስ አሰልጣኝ» እላለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ሥራዬ ዕቃ መጫንና ማውረድ ነበር። በደርግ ጊዜ ከአዲስ ዓለም እስከ ጌዶ ባለው መንገድ ላይ ያልኖርኩበት ከተማ ጥቂት ነው። አንዱ ጋ ቡድን አቋቁሜ፣ ልጆቹ ኳስ መቀባበል ሲጀምሩ የዝውውር ደብዳቤ ይመጣል። አንዳንዱን እኔው ጠይቄ ነው፤ አልዋሽም። የሌላ ከተማ ሰዎች መጥተው «እባክህ ወደ እኛ ና» ሲሉኝ ልቤ ያብጥ ነበር። ተፈላጊ መሆን የማይወድ ማን አለ?

የጀመርኩት አዲስ ዓለም ነው። ሜዳው ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ስለነበር ከላይ ወደ ታች የሚጫወት ቡድን ሳይለፋ ያገባል። ስለዚህ ልጆቹን መጀመሪያ ያስተማርኳቸው ዳኛው ሳንቲም ሲወረውር የትኛውን ጎል መምረጥ እንዳለባቸው ነበር። ቀጥዬ ጊንጪ ሄድኩ። የጊንጪ ዋልካ ጭቃ ጫማ ይዞ ያስቀራል፤ ተጫዋቹ ሮጦ ይሄዳል፣ ጫማው እዚያው ቆሞ ይቀራል። ጌዶ ደግሞ ጉሙ ሲወርድ የወዲያኛው ጎል አይታየኝም። ጎል መግባቱን የማውቀው በሕዝቡ ጩኸት ነበር፤ ለማን እንደገባ ሰው ልኬ አጠይቃለሁ። አንድ ጊዜ ሐሮ ወንጪ ለወዳጅነት ግጥሚያ ሄደን ኳሳችን ቁልቁል ተንከባሎ ሐይቁ ውስጥ ገባ። በታንኳ እስኪያመጡልን ድረስ ሁለቱም ቡድን ሣሩ ላይ ተቀምጦ ጨዋታ ያዘ፤ ኳሱ ሲመጣ መነሳት ያስጠላን ነበር።

ከሁሉም ረጅም የቆየሁት ጎጆ ነው፤ ከአምቦ በስተሰሜን ያለችው የጄልዱ ከተማ። አራት ዓመት ኖርኩ። ብርዱን ልናገረው አልችልም። ልጆቹ ለልምምድ ሲመጡ በየኪሳቸው ትኩስ የተቀቀለ ድንች ይዘው ነው። መጀመሪያ እጃቸውን ያሞቁበታል፣ ልምምዱ ሲያልቅ ይበሉታል። ሁለት ሳምንት ስቄባቸው በሦስተኛው እኔም ኪሴን ሞልቼ መጣሁ።

ጎጆ የነበረኝ በረኛ የክሊኒክ ዘበኛ ነበር። ቁመቱ መለሎ፣ እጁ ሰፊ፣ የያዘውን የማይለቅ ልጅ ነው። ግን ኳስ በግራው ሲመጣበት፣ ዶሮ ጥሬ ስታይ እንደምታደርገው ጭንቅላቱን ጠምዘዝ ያደርጋል። አንድ ቀን ለብቻው አስቀርቼ «ግራ ዓይንህ ምን ሆኗል?» አልኩት። ሙልጭ አድርጎ ካደ። መንገድ ከጀመርን በኋላ ግን ቆመና ነገረኝ። ገብስ ሲወቁ ጭራው ዓይኑ ውስጥ ገብቶበት ከዚያ ወዲህ አያይበትም።

«ባርሲሳ» አለኝ፤ መምህር ማለቱ ነው በኦሮምኛ፤ «ይሄን ለሰው ብትነግርብኝ ከሥራ ያወጡኛል። በአንድ ዓይኑ የሚያይ ዘበኛ ማን ይፈልጋል?»

ለማንም እንዳልናገር ቃል ገባሁለት። ከዚያም ከጎሉ መሐል ትንሽ ወደ ግራ ጠጋ ብሎ እንዲቆም አለማመድኩት። ተከላካዮቹንም ምክንያቱን ሳልነግራቸው በዚያ በኩል ኳስ እንዳያሳልፉ አሰለጠንኳቸው። ለሚስቴ እንኳ አልተናገርኩም፤ ለእሷ የማልነግራት ነገር ደግሞ ብዙ አይደለም።

በመጨረሻ አምቦ ተመደብኩ። ሚስቴ ሆስፒታል ሥራ አገኘች፣ ልጃችን ትምህርት ቤት ገባች። ልጅቷ ለዝውውር ከመልመዷ የተነሳ ዕቃችንን አውርደን ሳንጨርስ «መቼ ነው የምንሄደው?» ብላ ጠየቀች። ያን ቀን አንጀቴን በላችው። ሚስቴ ደግሞ አልጋውን ስገጣጥም በሩ ላይ ቆማ «ይሄን አልጋ ለመጨረሻ ጊዜ ነው የምትገጥመው። ከዚህ በኋላ የምትሄድ ከሆነ ብቻህን ነው» አለች። ቀልዷን አልነበረም።

አምቦን እኔም ወደድኳት። ከልምምድ በኋላ ልጆቹን ይዤ ፍል ውሃ እንታጠባለን፤ ጎጆ በድንች እጅ ሲያሞቅ ለኖረ ሰው ይሄ ንግሥና ነው። ሁለት ዓመት ሠራን። በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ስሜ የዝውውር ዝርዝር ውስጥ መግባቱን ሰማሁ። እንዲያው ሳልጠይቅ። የሚያስቀረኝ የአምቦ ስፖርት ኮሚቴ «ይህ ሰው ያስፈልገናል» ብሎ የሚጽፈው ደብዳቤ ብቻ ነበር። ሊቀመንበሩ «የአውራጃውን ዋንጫ አንሣና እንጽፍልሃለን» አለኝ። ኮሚቴው ውስጥ የተጫዋቾች ተወካይ ሆኖ የሚቀመጠው አምበሌ ነበር፤ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት የሚሠራ፣ ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጥ፣ ከልጆቹ ጋር ፍል ውሃ እንኳ የማይወርድ፣ ዝምተኛ ሰው። ሁለት ዓመት አብረን ስንሠራ ከ«እሺ» እና ከ«አይሆንም» ሌላ ከአፉ የወጣ ነገር ብዙ አላስታውስም። ኮሚቴው የሚሰማው ግን እሱን ነው።

እኛ ለፍጻሜ አለፍን። በወዲያኛው በኩል ማን ቢያልፍ ጥሩ ነው? ጎጆ።

ግጥሚያው አምቦ እሁድ ከሰዓት በኋላ ነበር። ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ቤቴ ተቀምጬ ሳለሁ በር ተንኳኳ። ስከፍት ጎጆ ሳለሁ ቤት ያከራዩኝ ሽማግሌ ናቸው፤ የጎጆ ቡድን መሪ ሆነው ከኋላቸው አሥራ አራት ተጫዋች አሰልፈዋል። በድንች ጭነት መኪና ላይ መጥተው አቧራ መስለዋል። እንዲያድሩበት የተባለው ትምህርት ቤት ክፍሎቹ በስብሰባ ተሳታፊዎች ተይዘው ተገኙ።

«አካም ጅርቱ» አሉ ሽማግሌው ጎንበስ ብለው፣ ደህና ናችሁ ወይ ሲሉ፤ የእኔን ሰላምታ ሳይጠብቁ ገብተው ተቀመጡ። «ሰው እዚህ ከተማ ዘመድ እያለው የት ይሄዳል? ይኸው መጣን።» አንድ ጆንያ ድንችም በሩ ላይ አስወረዱ።

ምን ልበል? አራት ዓመት ቤታቸው ኖሬያለሁ። ልጄ በሳንባ ምች ስትታመም በበቅሎ ይዘው ሆስፒታል የወረዱት እሳቸው ናቸው። ሚስቴ አንድ ጊዜ አየችኝ፣ ከዚያ ፍራሽ ማውረድ ጀመረች። ግማሾቹ ሳሎን፣ ግማሾቹ ወጥ ቤት ተኙ። በረኛው ለቁመቱ ቦታው አልበቃ ብሎት እግሩ በረንዳ ወጥቶ አደረ። እውነቱን ልናገር፣ ደስ ብሎኝ ነበር። የአንዱን ጋብቻ፣ የሌላውን ልጅ ስሰማ ነገ ተጋጣሚዬ መሆናቸውን ረሳሁት። ለአምበሌ ሰው ልኬ «ነገሩ እንዲህ ነው» ብዬ ማሳወቅ ነበረብኝ። ጭራሽ ትዝ አላለኝም። ከሠራኋቸው ስህተቶች ሁሉ ይሄን የሚያህል የለም።

ጠዋት ማልያቸውን ለብሰው ግቢዬ ካለው ቧንቧ ላይ ተሰልፈው ፊታቸውን ይታጠባሉ። መንገዱ ከቤተ ክርስቲያን በሚመለስ ሰው ተሞልቷል። ሁለት የእኔ ተጫዋቾች በአጥሩ በኩል ሲያልፉ ቆሙ። እጄን አነሣሁላቸው፤ እነሱ አላነሡም። እኩለ ቀን ሳይሆን ከተማው በሙሉ አሰልጣኙ ከጎጆ ጋር ማደሩን ሰማ። በዚያ ዘመን «አሻጥር» የምትባል ቃል ነበረች፤ ቀላል ቃል አልነበረችም።

ሜዳ ስደርስ አምበሌ መጣና ፊት ለፊቴ ቆመ።

«ቲቸር፣ ዛሬ ራሳችን እንጫወታለን። አንተ እንግዶችህ ጋ ተቀመጥ።»

«ማደሪያ አጥተው ነው፤ አንተ ብትሆን ታባርር ነበር?» አልኩት።

ዞሮ ሄደ። ደሜ ፈላ። ቤቴ ልሄድ ሁለት እርምጃ ተራምጄ ነበር፤ እግሬ እምቢ አለ። ጎጆዎች ጋ መቀመጥ አልችልም፣ አምቦዎች ጋ አልተፈለግሁም። ከማዕዘኑ አጠገብ ድንጋይ ላይ ብቻዬን ተቀመጥኩ።

ጨዋታው ሲጀመር ግን ንዴቴን እያስረሳኝ ሄደ። የአምቦው ቀኝ ተከላካይ ሽፋን ለመስጠት ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ የጎጆውም ልክ እንደዚያው ያፈገፍጋል። አንዱ ለማታለል የሚያደርገውን ሌላው ቀድሞ ያውቀዋል። የእጅ ውርወራው ሳይቀር አንድ ዓይነት ነው። ሁለቱንም ያሰለጠንኩት እኔ ነኝ፤ ማንም ማንንም ማታለል አቃተው። ሕዝቡ ተሰላችቶ ያፏጫል፣ እኔ ድንጋዬ ላይ ብቻዬን እስቃለሁ። ስስቅ ያየኝ ሰው ሁሉ ደግሞ «ይኸው፣ ሸጦን ይስቃል» ብሏል፤ ኋላ ነው የሰማሁት።

እረፍት ላይ ዜሮ ለዜሮ ነበሩ። አምበሌ ወደ ድንጋዬ መጣ። ላቡን በማልያው ጠረገና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «በረኛው የሚከብደው ነገር ምንድን ነው? የት እንምታበት?» አለኝ።

አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። «ግራ» ብል ዋንጫው እኛ ጋ ነው፣ ደብዳቤው ይጻፋል፣ አልጋዬ በቦታው ይቀመጣል። ቀና ስል በረኛው ከወዲያ ማዶ ውሃ ይጠጣል። ለአንድ ቀን ጨዋታ ብቻ ነው፣ ማን ያውቃል አልኩ በሆዴ። ከዚያ ደግሞ አሰብኩት፤ ሁለት ሦስት ጊዜ በግራው ከተመታበት ሜዳው ዙሪያ የቆመው ሰው ሁሉ ያውቃል፣ ክሊኒኩም ይሰማል።

«አላውቅም» አልኩት።

ብዙ አየኝ። ከዚያ ተመልሶ ሄደ።

ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ጎጆ የማዕዘን ምት አገኘ። ኳሱ በአጭሩ ይሰጣል፣ ሁለት ሰው የሚመቱ መስለው ያልፉታል፣ ሦስተኛው ይመታል፤ የራሴ ፈጠራ ናት። የአምቦ ልጆች ሁሉም ያውቋታል። ሦስተኛውን እንዲይዝ የተመደበው አምበሌ ነበር፤ ለመዝለል ሲነሣ ዘገየ። ገባ። በዚያው አለቀ።

ከዚያ በኋላ የሰማሁትን ስድብ አልጽፈውም። ሽማግሌው ዋንጫውን እንደ ሕፃን አቅፈው ሊሰናበቱኝ መጡ፤ ግንባሬን ስመው «ምነው ፊትህ?» አሉኝ። ደክሞኝ ነው አልኳቸው። ቤት ስገባ ሚስቴ የእንግዶቹን ፍራሽ አጣጥፋ አስቀምጣ፣ ድንች እየላጠች ነበር። ያደረግሁትን ነገርኳት፤ የዓይኑን ነገር ብቻ ትቼ። «እና የሆነ ነገር ታውቅ ነበር፣ ዝም አልክ?» አለች። አዎ አልኳት። ልጣጩን ሰበሰበችና «እንግዲህ ምን ይደረጋል፤ እኔም ያንን ነገር የሚናገር ሰው አላገባሁም» አለች። ከዚያ ግን ማልቀስ ጀመረች፤ አምቦን መልቀቅ አልፈለገችም። አጠገቧ ተቀምጬ አብሬያት ድንች ላጥኩ።

ኮሚቴው የሚሰበሰበው ማክሰኞ ነበር። ሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ አምበሌ ቤቴ መጣ። ግባ አልኩት፤ በደንብ አላልኩትም፣ ቂሜ አልወጣልኝም ነበር። ወንበር ስስብለት ሳይቀመጥ «እረፍት ላይ ስጠይቅህ ታውቅ ነበር» አለኝ። «ፊትህ ላይ አይቻለሁ። ምን እንደሆነ አሁንም እንዳትነግረኝ።»

«ታዲያ ምን ልትለኝ መጣህ? ሸጥከን ልትል?»

«አይደለም።» ረጅም ወሬ ለእሱ ሥራ ነው። «እስከ ዛሬ ያሰለጠኑን ሰዎች ጉዳችንን ይዘው ይሄዱና በዓመቱ ሌላ ቡድን ይዘው መጥተው በእሱ ይጫወቱብናል። አንተም ሂያጅ ነህ ብዬ ነበር። ነገ ኮሚቴው እንዲያስቀርህ እናገራለሁ፤ ሊቀመንበሩንም ዛሬ አናግሬዋለሁ፣ እሺ ብሏል። እኔ የመጣሁት ለሌላ ጉዳይ ነው።»

ከዚያ ተቀመጠ። በሩን ዞር ብሎ አየ፤ ሚስቴ ጓዳ ነበረች። ሱሪውን ቀስ አድርጎ እስከ ጭኑ ሰበሰበ። ቀኝ ጉልበቱ በጨርቅ ተጠምጥሟል። ጨርቁን ሲፈታው ጉልበቱ የሁለት ጉልበት ያህል አብጧል።

«ለማንም አልነገርኩም፤ እንዲህ የሚያብጠው ከጨዋታ በኋላ ቤት ስገባ ነው» አለኝ። «እይልኝ እስቲ። ለሚመጣው ዓመት ይደርሳል?»

በጉልበቴ ተንበርክኬ ያዝኩት፤ ትኩስ ነበር። መቼ እንደጀመረው ጠየቅሁት። አምቦ የመጣሁ ሰሞን አለኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ በዚህ እግር ፊቴ ሲሮጥ ቆሜ አይቼዋለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ አላወቅሁም።